ስለ መሬት ወረቀትና በላዩ ስለ ተጻፈው ስም

ቃል ይረሳል፤ ጽሑፍ ይወረሳል ተብሎ ከጥንት ጀምሮ ይነገራል። ነገር ግን ጽሑፍ የሚወረሰው በውስጡ ስሙ ለተጻፈለት ሰው ነው። ስሙ ለታለፈበት ሰው ጽሑፍ ከቃል ይልቅ ይከፋበታል፤ ነገሩ በቃል ብቻ የቀረ ቢሆን በሽማግሌ ፊት ይከራከርበት ነበርና። ስለዚህ የአንድ አገር መዝገብ መልካምነት የሚመረመረው በብራናው ጥራትና በማኅተሙ ትልቅነት አይደለም፤ ማንን በስሙ ጠርቶ ማንን እንደ ዘለለ በመመልከት ነው እንጂ።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚሄድ መንገደኛ ሰበታን ካለፈ በኋላ የተፍኪን ሜዳ ያገኛል። ይህ ሜዳ የአዋሽ ውሃ በክረምት የሚተኛበት፤ ውሃው ሲሸሽም መረሬው አፈር ጤፍና ሽምብራ፤ ጓያም የሚያበቅል ሰፊ አገር ነው። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ተራራና ገደል ስለሌለ የአንዱን እርሻ ከሌላው የሚለየው ቦይ ወይም የሣር ድንበር ብቻ ነው። ድንበሩን በእርግጥ የሚያውቀው ጐረቤት ነው፤ ከጐረቤት ቀጥሎ ወረቀት ነው። ሆኖም ወረቀት ወደ ገበሬው እጅ እስኪደርስ ድረስ እጅግ ረጅም መንገድ ሄዷል፤ መንገዱንም መከተል ለዛሬ ሰው ይጠቅመዋል።

በኢትዮጵያ ስለ መሬት የተጻፈ ነገር ከሁሉ አስቀድሞ ይጠበቅ የነበረው በቤተ ክርስቲያን ነው። ንጉሥ ወይም መኰንን ርስትና ጉልት በሰጠ ጊዜ ስጦታው በወንጌል ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፤ እንዲህ ያለው መጽሐፍም ወንጌል ዘወርቅ ይባላል። በዚያ ጽሑፍ የሰጪው ስምና የተቀባዩ ስም ይጠራል፤ ምስክሮች በየማዕርጋቸው ይቈጠራሉ፤ በመጨረሻም ቃሉን የሚያፈርስ ሁሉ ይወገዛል። ለዚያ ዘመን ይህ ጠንካራ ሥርዓት ነበር። ወንጌልን ደፍሮ የሚፍቅ ሰው በቀላሉ አይገኝምና፤ ምስክሮቹም በሕይወት ሳሉ መዝገቡ ድምፅ ነበረው። ነገር ግን ጽሑፉ የተጻፈው ለሰጪና ለተቀባይ ስለ ነበረ ሞፈሩን ይዞ ያንን መሬት የሚያርሰው ሰው ብዙ ጊዜ በውስጡ አይገኝም፤ ቢገኝም ከመሬቱ ጋራ እንደሚቈጠር ነገር ሆኖ ነው።

እንዲህ ያለው ጉድለት በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። የእንግሊዝ ንጉሥ ዊልያም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1086 ዓመት የመንግሥቱን መሬት ሁሉ አስመርምሮ በትልቅ መጽሐፍ ባስጻፈ ጊዜ የመኳንንቱና የገዳማቱ ስም ተጻፈ፤ ገበሬዎቹ ግን በየመንደሩ ይህን ያህል ናቸው ተብለው በቍጥር ብቻ ታለፉ። የመንግሥት መዝገብ በየአገሩ ከግብር ስለሚወለድ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ይከፍላል?» ብሎ ነው፤ «ማን ይኖርበታል?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን በሸዋና ወደ ደቡብ ባሉት አገሮች ቀላድ ተጣለ። ቀላድ የመለኪያ ገመድ ነው፤ ርዝመቱም እንደየቦታው ይለያይ ነበር። በገመዱ የተለካው መሬት በጋሻ ተቈጠረ፤ አንዱ ጋሻም በዛሬው ልክ 40 ሄክታር ያህል ይሆናል። መሬቱም ለም፤ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ተለየ። ከተለካውም ለባላባት ሲሶ እየተባለ የተተወ ነበረ፤ የቀረው ለመንግሥት፤ ለወታደርና ለካህናት ተደለደለ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጽሕፈት ሥራ ራሱን ችሎ ሚኒስቴር ሆነ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም የዚሁ ሥራ አለቃ ነበሩ። ከዚህ ወዲህ መዝገብ ከወንጌል ኅዳግ ወደ ጽሕፈት ቤት እየተዛወረ ሄደ።

ቀላድ መሬቱን በእርግጥ ለካው፤ ሰውን ግን አልለካውም። በመዝገቡ ውስጥ ጋሻው፤ የመሬቱ ዓይነትና የባለ መሬቱ ስም ይገኛል፤ ጭሰኛው የለም። ጭሰኛው በዚያ መሬት ላይ ተወልዶ፤ አባቱንም በዚያው ቀብሮ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ወረቀቱ ስለ እርሱ ዝም ይላል። የወረቀት ዝምታም በዳኛ ፊት እንደ ምስክር ሆኖ ይቈጠራል።

በ1934 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፤ ለለም ጠፍ 10 ብር፤ ለጠፍ 5 ብር እንዲከፈል ተቈረጠ። ከፋዩም ደረሰኝ ይቀበል ጀመር። ይህች ትንሽ ቍራጭ ወረቀት ግብር መከፈሉን ለማስረዳት ብቻ የተዘጋጀች ነበረች፤ ሕዝቡ ግን ሌላ የረጋ ማስረጃ ስላልነበረው የርስቱ ማረጋገጫ አደረጋት። ሕጉም ቈይቶ ይህንኑ ተከተለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1168ኛው ቍጥር የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ 15 ዓመት ሳያቋርጥ ግብር የከፈለ ሰው ባለቤት ይሆናል ሲል ደነገገ። እንግዲህ ከሣጥን ውስጥ 15 ደረሰኝ ማውጣት የቻለ ሰው መሬቱን አገኘ ማለት ነው። አርሶ እህሉን ለባለ መሬት የሚያካፍል ጭሰኛ ግን ግብሩ የሚከፈለው በጌታው ስም ስለ ነበረ፤ ላቡ ምን ያህል ቢፈስ አንዲት ደረሰኝ እንኳ በስሙ አትወጣለትም ነበር።

ይኸው የ1952 ዓ.ም. ሕግ በ635ኛው ቍጥር ባል የቤተ ሰቡ ራስ ነው ብሎ ነበር። ይህ ቃል በጽሕፈት ቤት ሲተረጐም አንድ መስመር ሆነ፤ ይኸውም በየቅጹ ላይ «የአባወራው ስም» የሚለው መስመር ነው። የጸሐፊው ክፋት አልነበረም፤ ቅጹ ባዶ ቦታ የተወው ለአንድ ስም ብቻ ስለ ሆነ ጸሐፊውም አንድ ስም ብቻ ጻፈ። ሰው ሕግን የሚያገኘው በነጋሪት ጋዜጣ ገጽ ላይ አይደለም፤ በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋው ቅጽ ነው። በቅጹ ውስጥ ቦታ ያልተተወለት ሰው ሕጉ ስለ እርሱ ምን እንደሚል እስኪጠይቅ ድረስ እንኳ አይደርስም።

ለኢትዮጵያ ሴት ይህ ጉዳይ ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። በብዙ የአውሮጳ አገር ሚስት በባልዋ ቤት ስም ትጠራ ስለ ነበር ወረቀቱ የባልን ስም ብቻ ቢይዝም የስሙ ጭራ ወደ እርስዋ ያመለክታል። ኢትዮጵያዊት ግን አግብታም የአባትዋን ስም እንደ ያዘች ትኖራለች። ይህ ለክብርዋ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን በመዝገቡ የባልዋ ስም ብቻ ሲጻፍ ከዚያ ስም ጋራ የሚያገናኛት አንድ ፊደል እንኳ አይገኝም። ባል በሞተ ወይም በፈታት ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያረመችውና ያጨደችው እርሻ በወረቀት ላይ ፈጽሞ የባዕድ መሬት ሆኖ ይታያል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን ታወጀ። አዋጁ አንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር የበለጠ መሬት እንዳይዝ ወሰነ፤ ጭሰኝነትን ሻረ፤ የገበሬ ማኅበራትንም አቋቋመ። የተፍኪ ሜዳ ገበሬም እንደ ሌላው አገር ገበሬ ከጌታ መዝገብ ወጥቶ በማኅበሩ መዝገብ ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ የአራሹ ስም ተጻፈ፤ ይህም ታላቅ ለውጥ ነበር። ሆኖም በዚህ መዝገብም ላይ ቢሆን የተጻፈው በአብዛኛው የአባወራው ስም ነው። ደግሞ መሬት በየጊዜው ይሸጋሸግ ስለ ነበር፤ ገበሬው በእጁ የያዘው ጽኑ ወረቀት አልነበረም፤ በከርሞው ሽግሽግ ለሌላ ይደርስ ይሆናል ብሎ እየሠጋ እርከን ለመሥራትና ዛፍ ለመትከል ልቡ ያመነታ ነበር።

ለገበሬው በእጁ የሚቀር የይዞታ ማረጋገጫ መስጠት በስፋት የተጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በትግራይ ነው። ወረቀቱ አንዲት ገጽ ነበረች፤ የምትጻፈውም በቤቱ ራስ ስም ነው። ምንም ቀላል ብትሆን ዋጋዋ ትንሽ አልነበረም። ባል የሌላቸው ሴቶች ራሳቸው የቤት ራስ ስለ ሆኑ ወረቀቱን በስማቸው ተቀበሉ፤ መሬታችንን ለተከራይ ብንሰጥ ይቀማናል የሚለው ሥጋታቸውም እንደ ቀነሰ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች አሳይተዋል። ባል ያላቸው ሴቶች ግን አሁንም ከመስመሩ ውጭ ቀሩ።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በአዋጅ ቍጥር 213 ሲወጣ ባልና ሚስት በቤታቸው አስተዳደር እኩል እንዲሆኑ ተደነገገ፤ የቤተ ሰብ ራስ የሚለው የቀድሞው ቃልም ቀረ። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተ ሰብ ሕግ አወጡ። ከዚህ በኋላ የቀረው የሕጉን ቃል ወደ ቅጹ መስመር ማውረድ ነበር፤ ይህም ሥራ ከሚታሰበው ይልቅ ከባድ ነው። ሕግ በአንድ ቀን ይለወጣል፤ የታተመ ቅጽ ግን ቍልሉ እስኪያልቅ ድረስ የአሮጌውን ሕግ ቃል ሲናገር ይኖራል።

በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተሰጠው የይዞታ ደብተር ይህን ሥራ በደንብ አሳየ። ወረቀቱ አንዲት ገጽ መሆኑ ቀርቶ ትንሽ ደብተር ሆነ። በውስጡ የባልና የሚስት ስም ተጻፈ፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጠፈ። እያንዳንዱ እርሻ ለብቻው ተመዘገበ፤ ስፋቱና አዋሳኞቹ በአራቱ ማዕዘን ተጻፉ። የባለ ይዞታው መብትና ግዴታም በዚያው ደብተር ውስጥ ታትሞ ተሰጠ፤ ሰው ምን እንደ ተፈቀደለትና ምን እንደ ተከለከለ ለማወቅ ወደ ከተማ ወርዶ ራፖር ጸሐፊ መለመን እንዳይገባው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ፎቶግራፉ ነው። ማንበብ የማትችል ሴት ስምዋ መጻፉን የምታውቀው ሌላ ሰው ሲነግራት ብቻ ነው፤ የነገራትን ሰው ከማመን በቀር ሌላ መንገድ የላትም። ፊትዋን ግን ያለ አንባቢ ታውቀዋለች። ደብተሩ ተገልጦ ሥዕልዋ ከባልዋ ሥዕል አጠገብ ሲታያት ያ ወረቀት እርስዋም ራስዋ የምታነበው ወረቀት ሆነ። እርግጥ ነው፤ ፎቶግራፍ ለመነሣት ገንዘብና ጊዜ አስፈለገ፤ በዚህም ምክንያት የደብተሩ መታደል በብዙ ስፍራ ዘገየ። ነገር ግን ድካሙ ከንቱ አልነበረም፤ መልኳ የተለጠፈበትን መሬት ባል ብቻውን ለማስተላለፍ ቢሻ በመጀመሪያ «ይህችሳ?» የሚል ጥያቄ ይመጣበታልና።

ምዝገባው የተካሄደበትም መንገድ ለሰው የቀረበ ነበር። ሕዝቡ በየቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ መረጠ፤ ኮሚቴው ከእርሻ እርሻ እየዞረ አዋሳኞቹን አቁሞ ድንበሩን አስለየ፤ የተጻፈውም በሕዝብ ፊት ቀርቦ የሚቃወም ሰው እንዲናገር ተደረገ። ለአንድ እርሻ የወጣው ወጪ አንድ የአሜሪካ ዶላር ያህል ብቻ መሆኑ በሌላው ዓለም መሬት ለመመዝገብ የሚወጣውን ገንዘብ የሚያውቁትን ሁሉ አስደነቀ። በዚህ አሠራር ውስጥ የጥንቱ ወንጌል ዘወርቅ ጥበብ ተመልሶ ይታያል፤ ያም በምስክሮች ፊት የተነበበ ነበርና። ልዩነቱ በጥንቱ ጽሑፍ ምስክሮቹ መኳንንትና ካህናት ሲሆኑ በአዲሱ ምስክሩ ጐረቤት መሆኑ ነው። በምሥራቅ ጎጃም በተደረገ ጥናት ደብተር የተቀበሉት ገበሬዎች ሥጋታቸው ቀንሶ እርከን ወደ መሥራት እንደ በረቱ ተገልጿል።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቍጥር 456 መሬቱ የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ሲሆን ማረጋገጫው በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል፤ የሁለቱ ስም ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ሁሉ የታወቀ ሥርዓት ሆነ።

በኦሮሚያም ምዝገባው በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ተጀመረ። በዚህ ክልል ለተፍኪ ሰው ሌላ ነገር ተጨመረለት፤ ይኸውም ቋንቋ ነው። በቀላድ ዘመንና ከዚያም በኋላ የመሬት ወረቀት ሁሉ በአማርኛ ይጻፍ ስለ ነበር፤ በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ገበሬ ወረቀቱን ለመስማት ሁለት ሰው ያስፈልገው ነበር፤ አንዱ የሚያነብለት፤ ሁለተኛው የሚያስተረጕምለት። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ኦሮምኛ በኢትዮጵያ ፊደል መማሪያ ሆነ፤ በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ቁቤ የኦሮምኛ መጻፊያ እንዲሆን ተወሰነ፤ ኦሮምኛም የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሆነ። ዛሬ በተፍኪ አንዲት አሮጊት ማንበብ ባትችል እንኳ የልጅ ልጅዋ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወረቀትዋን በራስዋ ቋንቋ ሊያነብላት ይችላል። ቋንቋው የእርስዋ ስለ ሆነ ስሕተት ቢኖርበት የምታርመው እርስዋ ናት።

ሥራው ግን ተፈጸመ ለማለት አይቻልም። ሁለት መስመር ያለው ቅጽ አንድ ባልና አንዲት ሚስት ላሉበት ቤት ይበቃል፤ ሁለት ወይም ሦስት ሚስት ባለበት ቤት ግን አንድዋ ስትጻፍ ሌላይቱ የጥንቱ ጭሰኛ በቆመበት ስፍራ ትቆማለች። እንዲሁም ሰው ይሞታል፤ ይወልዳል፤ ያገባል፤ ይፋታል፤ ወረቀቱ ግን ራሱ አይለወጥም። የልደት፤ የጋብቻ፤ የፍችና የሞት ምዝገባ በመላው አገር የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። የ1952 ዓ.ም. ሕግ እንዲህ ያለ መዝገብ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ሥራ ላይ ሳይውል ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ቈየ። በዚያ ሁሉ ዘመን የተጋቡት ሴቶች ብዙዎቹ የጋብቻ ወረቀት የላቸውም፤ የይዞታ ደብተሩ ሚስትነታቸውን የሚያስረዳላቸው ብቸኛ ጽሑፍ የሆነላቸውም አሉ። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህም በአየር ላይ ሥዕል የተደገፈ ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ተስፋፍቶ ካርታ ያለው ማረጋገጫ መሰጠት ጀምሯል። ካርታው ስፋቱን በእርግጥ ይናገራል፤ ነገር ግን መስመርና ቍጥር ማንበብ ያልተማረ ሰው በካርታው ላይ እርሻውን ለመለየት ዛሬም የጐረቤቱን ስም ይፈልጋል።

ይህ ነገር በተፍኪ አካባቢ ይበልጥ የሚያስቸኵለው ከተማ እየቀረበ ስለ መጣ ነው። ሰበታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ከተሞች ጋራ ተጨምራ ሸገር ከተማ ተቋቋመ፤ በጅማ መንገድ ግራና ቀኝም ፋብሪካና ቤት እየተሠራ ይሄዳል። ገበሬ መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም በለቀቀ ጊዜ ካሣ እንዲከፈለው ሕግ አለ። ለካሣው ስሙ የሚጠራው፤ ግምቱን የሚሰማው፤ የሚከራከረውና የሚፈርመው በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሰው ነው። በወረቀቱ አንድ ስም ብቻ ካለ አንድ ሰው ብቻ ይጠራል፤ ገንዘቡም ወደ አንድ እጅ ይገባል። ሁለት ስም ካለ ሁለቱም ይጠራሉ፤ አንዱ ያልተስማማበትን ሌላው ብቻውን አይጨርሰውም። መሬት ሲታረስ በየዓመቱ ይበላል፤ ካሣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይቈጠራል፤ በዚያች ቀን ያልተጠራ ሰው ሁለተኛ የሚጠራበት ቀን የለውም።

እንግዲህ ከወንጌል ኅዳግ እስከ ባለ ፎቶግራፉ ደብተር ድረስ የተሄደው መንገድ ሲታይ ለውጡ ሁልጊዜ በአንድ ትንሽ ነገር ላይ የቆመ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም ቅጹን የሚያዘጋጀው ሰው ባዶ መስመር በሚያሰምርበት ጊዜ ስንት ሰው በዓይኑ ፊት እንደ ነበረ ነው። ዛሬም በወረዳው ጽሕፈት ቤት አዲስ ቅጽ የሚነድፍ ጸሐፊ ከማሳተሙ በፊት አንድ ቀን ወደ ሜዳው ወርዶ ለአንዲት ባልዋ ለሞተባት ሴት ቢያነብላትና «እናቴ፤ እርስዎ ያሉት በየትኛው መስመር ነው?» ብሎ ቢጠይቃት፤ እርስዋም ልታሳየው ባትችል፤ ቅጹን ወደ ጠረጴዛው መልሶ አንድ መስመር መጨመር የእርሱ ፋንታ ነው።